ዕንቁላል በታኝ ዓሦችን ለማራባት ከመራቢያው ገንዳ በፊት የጫጩቱ መኖ ይዘጋጅ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ዓሣን በመስታወት ገንዳ ውስጥ ስለ ማሳደግ በጋዜጦችና በመጽሔቶች የሚወጡ ጽሑፎችን በጉጉት ከሚከታተሉ አንባቢዎች አንዱ ነኝ። ጽሑፎቹ ስለ ገንዳ ምርጫ፣ ስለ ውኃ ማጣሪያ፣ ስለ መብራትና ስለ ዓሦቹ ውበት ብዙ ያስተምራሉ፤ ወደ ማራባት ሲደርሱ ግን እንደ ጉፒና ፕላቲ ያሉትን፣ ልጆቻቸውን ሕያው አድርገው የሚወልዱትን ዓሦች አንሥተው ያበቃሉ። ዳኒዮ፣ ቴትራ፣ ባርብና ራስቦራ የሚባሉት ትንንሽ ዓሦች፣ ማለትም ዕንቁላላቸውን በውኃ ውስጥ በትነው የሚሄዱት ወገኖች፣ ለቤት አርቢ አስቸጋሪ ናቸው ተብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋሉ። ይህን አባባል ለብዙ ጊዜ ስሰማው ቆይቻለሁ፤ ዓሦቹን ያለማቋረጥ እያራባሁ የኖርሁ ሰው እንደ መሆኔ ግን ችግሩ ያለው ሰዎች እንዳለ በሚያስቡበት ቦታ አለመሆኑን ለማስረዳት ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

አብዛኛው ጀማሪ የሚጨነቀው ዕንቁላል ስለ ማግኘት ነው። ወንዴና ሴቴውን እንዴት እለያለሁ፣ ውኃውን ምን ያህል ላሙቀው፣ ምን ዓይነት ተክል ላስገባ እያለ ይጠይቃል። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሆኖም ጤነኛና በደንብ የተመገበ የዜብራ ዳኒዮ መንጋ ያለው ሰው ዓሦቹ ዕንቁላል እየጣሉለት ሳያውቅ የሚኖር መሆኑን ልብ ሊለው ይገባል። ዓሦቹ መብራቱ እንደ በራ ወይም ጎሕ እንደ ቀደደ በተክሉ መካከል እየተሯሯጡ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ ባለቤቱ ወደ ገንዳው ቀርቦ እስኪያይ ድረስም ያው መንጋ ዕንቁላሉን ለቅሞ ጨርሶታል። ስለዚህ ጭንቀታችን ሊያርፍ የሚገባው ዕንቁላሉ ተፈልፍሎ ጫጩቱ በራሱ መዋኘት በጀመረበት ቀንና ከዚያ በሚከተሉት ሰባት ወይም ዐሥር ቀናት ላይ ነው። በእነዚህ ቀናት ጫጩቱ በአፉ የሚገባለት ምግብ ካላገኘ ሌላው ጥንቃቄ ሁሉ ዋጋ የለውም።

ወላጆቹ የገዛ ዕንቁላላቸውን መብላታቸው ብዙ ሰው ያሳዝናል፤ አንዳንዱም ዓሦቹ ስለ ተራቡ ወይም ስለ ታመሙ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሲክሊድ የሚባሉት ዓሦች ዕንቁላላቸውን እየጠበቁ፣ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በአፋቸው ይዘው ያሳድጋሉ፤ ቤታ የሚባለው ዓሣ ወንዴ የአረፋ ጎጆ ሠርቶ ዕንቁላሉን ይንከባከባል። በታኞቹ የያዙት መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። አንዲት የዜብራ ዳኒዮ ሴቴ በአንድ ማለዳ 100፣ 200፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጡ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሚሊ ሜትር ያህል የሚሆኑ ዕንቁላሎች ትጥላለች፤ ወንዴው ጎን ለጎን ሆኖ ዘሩን ይረጭባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ለዕንቁላሉ ባዕድ ናቸው። በተፈጥሮ ሥፍራው ዕንቁላሉ በጥልቀት አልባ የውኃ ዳር፣ በጠጠርና በተክል መካከል ወርዶ ይሰወራል፤ ወላጆቹም ቦታ ለቀው ይሄዳሉ። በመስታወት ገንዳ ውስጥ ግን ወላጆቹም ዕንቁላሉም መሄጃ የላቸውም። እንግዲህ የአርቢው የመጀመሪያ ሥራ በተፈጥሮ ርቀቱ የሚሠራውን በገንዳ ውስጥ በሌላ ዘዴ መተካት፣ ይኸውም ዕንቁላሉን ከወላጆቹ አፍ መለየት ነው።

ይህም ምስጢር አለመሆኑን ለማየት የሳይንስ ቤተ ሙከራዎችን መመልከት ይበቃል። ዜብራ ዳኒዮን ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንሳዊ ስሙ የመዘገበው ፍራንሲስ ሃሚልተን በ1822 እ.ኤ.አ. ነበር፤ አገሩም የሕንድ፣ የባንግላዴሽና የኔፓል ወንዞችና ረግረጎች ናቸው። ጆርጅ ስትራይሲንገር የተባለው ተመራማሪ በአሜሪካ በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ይህን ዓሣ ለዘር ጥናት መርጦት በ1981 እ.ኤ.አ. ታዋቂ የሆነውን ውጤቱን ካሳተመ ወዲህ፣ ትንሿ ዓሣ በዓለም ዙሪያ ባሉ ቤተ ሙከራዎች ከአይጥ ጋር ተሰልፋ የምትጠና እንስሳ ሆናለች። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የዘረ መል ጥናት ከሰው ልጅ ዘረ መሎች 70 በመቶ የሚሆኑት በዚህች ዓሣ ውስጥ ቢያንስ አንድ አቻ እንዳላቸው አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ዕንቁላል የሚያገኙበት ዕቃ እጅግ ቀላል ነው፦ አንድ ሣጥን በሌላ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ የውስጠኛው ወለል ዕንቁላል የሚያሳልፍ፣ ዓሣ ግን የማያሳልፍ ወንፊት ነው፤ ወንዴና ሴቴው ማታ በመሐላቸው ግድግዳ ተደርጎ ያድራሉ፤ ጠዋት መብራቱ ሲበራ ግድግዳው ይነሣል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዕንቁላሉ ከታችኛው ሣጥን ይለቀማል። የቤት አርቢ ከዚህ የተለየ ጥበብ አያስፈልገውም፤ ወንፊቱን በሁለትና በሦስት ረድፍ በተነጠፈ ብይ፣ በላስቲክ መረብ ወይም ታችኛውን ወለል ሙሉ በሙሉ በሸፈነ፣ ጃቫ ሞስ በተባለ ጥቅጥቅ ያለ የውኃ ተክል መተካት ይችላል።

ስለ አዘገጃጀቱ በአጭሩ ልናገር። ወንዴው ቀጠን ያለ፣ በጎኑ ላይም ወርቃማ ቀለም የሚበዛበት ሲሆን፣ ሴቴዋ ሆዷ ሞላ ያለና መስመሮቿ ወደ ብርማ ያደሉ ናቸው። ሁለቱን ለአንድ ሳምንት ያህል ለያይቶ በሕያው ወይም በበረዶ በቆየ ምግብ ማጎልበት፣ ከዚያም ከምሽቱ ጀምሮ ከ15 እስከ 20 ሊትር በሚይዝ፣ ጥልቀቱ ከ15 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውኃ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። ውኃው ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይበቃል። ውኃው ጥልቅ የማይሆንበት ምክንያት ዕንቁላሉ ወደ ወለሉ እስኪወርድ ድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ ለማሳጠር ነው፤ ወላጆቹ በአብዛኛው የሚይዙት በመውረድ ላይ ሳለ ነውና። ከቀትር በፊት ወላጆቹ ይወጣሉ። በገንዳው ውስጥ የሚቀሩት ዓይን በደንብ ካላየ የማይለያቸው፣ እንደ ብርጭቆ የጠሩ ዕንቁላሎች ናቸው፤ ያልዳበሩት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነጭ ሆነው ስለሚደፈርሱና ሻጋታ ስለሚይዛቸው በጠብታ ማንጠብጠቢያ ተለቅመው መውጣት አለባቸው። ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ሰማያዊ መድኃኒት በጥቂቱ የሚጨምሩ አርቢዎች አሉ፤ ሻጋታን ይከላከላል፤ ነገር ግን ውኃ የሚያጠሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ስለሚጎዳ ጫጩቱ ከተፈለፈለ በኋላ በውኃ ቅየራ መውጣት ይኖርበታል።

ከእያንዳንዱ ወገን ጋር ዘዴው ጥቂት ይለዋወጣል። ቼሪ ባርብ የሚባለው የስሪ ላንካ ዓሣ ዕንቁላሉን ከተክል ላይ ስለሚያጣብቅ ከብይ ይልቅ የሹራብ ክር አስሮ ማንጠልጠል ይጠቅመዋል። ሀርለኪን ራስቦራ ደግሞ ሆዷን ወደ ላይ ገልብጣ ዕንቁላሏን ከሰፊ ቅጠል ሥር ትለጥፋለች፤ በታኝ ከሚባሉት ዘመዶቿ መካከል በዚህ ጠባይዋ የተለየች ናትና ሰፊ ቅጠል ያለው ተክል ካላገኘች የሚጠበቅባትን አትሠራም። የቻይናው ነጭ ደመና ተራራ ዓሣ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ታኒክቲስ አልቦኑቤስ፣ ማሞቂያ ሳይፈልግ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ባለው ውኃ ውስጥ ይራባል፤ ወላጆቹም እንደ ሌሎቹ ዕንቁላላቸውን አጥብቀው ስለማያሳድዱ ተክል በበዛበት ገንዳ ውስጥ ጫጩቶች ሳይለዩ ሊያድጉ ይችላሉ። ለጀማሪ ከማንም በፊት የምመክረው ይህን ዓሣ ነው።

ከባድ ነው የሚባለው ኒዮን ቴትራ ነው፤ ይህ ስም በከፊል ተገቢ ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. ሳይንሳዊ ስሙ የተሰጠው ይህ ዓሣ የሚኖረው በላይኛው የአማዞን ተፋሰስ፣ ከጫካ በወደቀ ቅጠል በጠቆረ፣ ማዕድን በሌለው ለስላሳ ውኃ ውስጥ ነው። ትልቁ ዓሣ ከዚህ በጣም በተለየ ውኃ ውስጥ ለዓመታት ያለችግር ሊኖር ይችላል፤ ብዙዎችን የሚያታልለውም ይህ ነው። ዕንቁላሉ ግን እንደ ወላጁ አይችልም። ካልሲየም በበዛበት ጠንካራ ውኃ ውስጥ የተጣለ የኒዮን ዕንቁላል አብዛኛው ሳይዳብር ወይም ሳይፈለፈል ይቀራል። ስለዚህ ሪቨርስ ኦስሞሲስ በተባለው፣ ማዕድኑን ከውኃ በሚለይ ማጣሪያ የተጣራ ውኃ ወስዶ ጥቂት የገንዳ ውኃ መቀላቀል፣ ካታፓ በተባለ ዛፍ ደረቅ ቅጠል ወይም ፒት በተባለ የረግረግ አፈር ማጥቆር፣ የአሲድነት መለኪያ የሆነውን ፒ ኤቹንም ወደ 6 ገደማ ማውረድ ያስፈልጋል። ዕንቁላሉ ብርሃን ስለማይወድም ገንዳው በጨርቅ ወይም በካርቶን ይሸፈናል። በ25 ዲግሪ በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ ጫጩቱም አስኳሉን ጨርሶ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን መዋኘት ይጀምራል። ይህ ሁሉ ትዕግሥትና መለኪያ መሣሪያ ይጠይቃል እንጂ ከሰው አቅም በላይ አይደለም። የኒዮን እውነተኛ ፈተና የጫጩቱ አፍ ከዳኒዮ ጫጩት አፍ የጠበበ መሆኑ ነው፤ ይህም ወደ ዋናው ነገሬ ይመልሰኛል።

ከዕንቁላሉ እንደ ወጣ ጫጩቱ ምግብ አይፈልግም። አስኳሉ ከሆዱ ሥር ተንጠልጥሎ ሳለ በመስታወቱና በተክሉ ላይ ተለጥፎ ይቆያል። የዜብራ ዳኒዮ ዕንቁላል በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይፈለፈላል፤ በአምስተኛው ቀን ጫጩቱ ወደ ውኃው ገጽ ወጥቶ አየር በመጉረስ የአየር ከረጢቱን ይሞላና አግድም መዋኘት ይጀምራል። መመገብ የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት የሚጨመር ምግብ ሁሉ ውኃውን ከማበላሸት በቀር ጥቅም የለውም። ከዚያ ቀን በኋላ ደግሞ የሚባክን ጊዜ የለም፤ አስኳሉ ስላለቀ ጫጩቱ የሚኖርበት ሌላ ስንቅ የለውም። በዚህ ሰዓት ለትላልቆቹ ዓሦች የሚሰጠውን ፍሌክ የተባለ ስስ ደረቅ ምግብ በጣቱ አድቅቆ የሚበትን ሰው፣ ደቀቀ ያለው ፍርፋሪ ለጫጩቱ አፍ አሁንም ትልቅ መሆኑን፣ ደግሞም የማይንቀሳቀስ በመሆኑ ጫጩቱ እንደ ምግብ እንደማያየው አይገነዘብም። የጫጩት ዓይን የሚከተለው የሚንቀሳቀስን ነገር ነው።

ለዚህ ዕድሜ የሚስማማው ኢንፉሶሪያ በሚል የወል ስም የሚጠሩት በዓይን በቀላሉ የማይታዩ የውኃ ነፍሳት፣ በተለይም ፓራሚሲየም ነው። ርዝመቱ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እስከ ሦስት አሥረኛ ስለሚደርስ ለጠባቧ አፍ ይመጥናል፤ በውኃው ውስጥ ሁሉ እየዋኘ ስለሚሠራጭ ጫጩቱ ሊያሳድደው አይገደድም፤ ካልተበላም በገንዳው ውስጥ ለጊዜው ሕያው ሆኖ ስለሚቆይ አይበሰብስም። ለማርባት ክሎሪን የሌለበት ውኃ በማሰሮ ወይም በጠርሙስ ይደረጋል፤ ጥቂት የተቀቀለ የስንዴ ፍሬና እጅግ ጥቂት እርሾ ይገባበታል፤ ከቆየ ገንዳ ወይም ከሌላ አርቢ የተገኘ መነሻ ይጨመርበታል። ውኃው መጀመሪያ ይደፈርሳል፤ ድፍርሱ ባክቴሪያ ነው። ፓራሚሲየሙ ባክቴሪያውን እየበላ ሲበዛ ውኃው እየጠራ ይሄዳል፤ ጠርሙሱን ከብርሃን ፊት ለፊት አድርጎ ለተመለከተው ሰው በውኃው ውስጥ እንደ ነጭ ትቢያ የሚንቀሳቀስ ነገር ይታየዋል። እዚህ ደረጃ ላይ ለመድረስ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የክርክሬ ሁሉ መሠረት ይህ ነው፦ ፓራሚሲየም ለመብዛት የሚፈጅበት ጊዜ የዳኒዮ ዕንቁላል ተጥሎ ጫጩቱ እስኪራብ ድረስ ካለው ጊዜ ይበልጣል። ዕንቁላሉን አይቶ መኖ ማዘጋጀት የሚጀምር ሰው ስለዚህ ምንጊዜም ዘግይቷል። ዓሦቹን ማጎልበት ከመጀመሩ አስቀድሞ ሁለት ጠርሙሶች፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካው፣ ተዘጋጅተው ሊቆዩት ይገባል።

ከፓራሚሲየም ቀጥሎ ወይም ከእርሱ ጋር የሆምጣጤ ትል የሚባለውን እጅግ ቀጭን ትል አብዝቼ እመክራለሁ። የአፕል ሆምጣጤና ውኃ እኩል በእኩል ተቀላቅለው አንድ ቁራጭ አፕል ሲገባበት ትሉ በዚያ ውስጥ ያለ ምንም እንክብካቤ ለወራት ይኖራል። የመኖውን ጉዳይ ረስቶ ለቆየ ሰው እንኳ ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቅ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። ከሆምጣጤው ተለይቶ ወደ ገንዳ ሲገባ ወደ ወለል ሳይሰምጥ በውኃው መካከልና በላዩ ላይ እየተወዛወዘ ለቀናት ሳይሞት መቆየቱ፣ በውኃው ገጽ አካባቢ ለሚመገቡት ለዳኒዮና ለራስቦራ ጫጩቶች ተመራጭ ያደርገዋል። በአጃ ገንፎ ላይ የሚራባው ማይክሮዎርም የተባለው ትል ደግሞ ለማርባት ቀላል ቢሆንም ወዲያው ወደ ወለል ስለሚሰምጥ ከታች ለሚመገቡ ጫጩቶች ይሻላል።

ከሳምንት ወይም ከዐሥር ቀን በኋላ አርቴሚያ የምትባለው፣ በጨዋማ ውኃ የምትኖር ትንሽ ሽሪምፕ መሰል ነፍሳት ተራ ይደርሳል። ደረቁ የአርቴሚያ ዕንቁላል በአንድ ሊትር ውኃ ከ25 እስከ 30 ግራም ጨው ተጨምሮበት፣ ሙቀቱ 28 ዲግሪ ገደማ ሆኖ፣ ብርሃንና ጠንካራ አየር እየተሰጠው ሲቆይ በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል። አዲስ የተፈለፈለችው አርቴሚያ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል የምትሆን ብርቱካናማ ነፍሳት ናት፤ ብርቱካናማነቷም ገና ያላለቀው አስኳሏ ነው። ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር ይህን ስንቋን ራሷ እየጨረሰችው ስለምትሄድ እንደ ተፈለፈለች መስጠት ይበጃል። በጨርቅ ወንፊት ተጠልላ በንጹሕ ውኃ ከጨዉ ታጥባ ትሰጣለች፤ ባዶው ቅርፊት ግን የጫጩቱን አንጀት ሊዘጋ ስለሚችል አብሮ እንዳይገባ መለየት አለበት። አርቴሚያ መብላት የጀመረ ጫጩት በብርሃን ሲታይ ሆዱ ቀልቶ ይታያል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕድገቱ ይፈጥናል። ያን ያየ አርቢ አደገኛው ጊዜ እንዳለፈለት ሊያምን ይችላል።

እዚህ ላይ በጣም የተለመደ አንድ ምክር ልቃወም። የተቀቀለ የዶሮ ዕንቁላል አስኳል በጨርቅ አጥልሎ ለጫጩት መስጠት በየቦታው ይመከራል፤ እርግጥ ነው፣ አስኳሉ ደቃቅ ስለሚሆን አንዳንድ ጫጩት ይበላዋል። ነገር ግን የማይበላው ክፍል ከሚበላው እጅግ ይበልጣል። ያልተበላው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በስብሶ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያውም ውኃው በሞቀና ፒ ኤቹ ከፍ ባለ ቁጥር መርዛማነቱ ይጨምራል። ከዚህም ሌላ ቅባቱ በውኃው ገጽ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ጫጩቱ የአየር ከረጢቱን ለመሙላት ያንን ገጽ ጥሶ አየር መጉረስ ስላለበት ሽፋኑ ያግደዋል። አየር ሳይጎርስ የቀረ ጫጩት በወለሉ ላይ እየተንፈራገጠ ይቆይና በረሃብ ይሞታል። ብዙ ሰው ምክንያቱ ያልታወቀ በሽታ ብሎ የሚገልጸው ሞት ከዚህ የሚመጣ መሆኑን አምናለሁ። ሕያው መኖ ያላዘጋጀ ሰው ለጫጩት ተብሎ የተፈጨ እጅግ ደቃቅ ደረቅ ምግብ በጥቂት በጥቂቱ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ቢሰጥ ከአስኳሉ ይሻለዋል፤ ያም ሆኖ ሕያው መኖን የሚተካ አይደለም።

የጫጩት ገንዳ ማጣሪያም ከምግቡ ጋር የተያያዘ ነው። ኃይለኛ ሞተር ያለው ማጣሪያ ጫጩቱንም መኖውንም ስቦ ይጨርሳል፤ የሚስማማው በአየር የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ብቻ ነው። ስፖንጁ አዲስ ሳይሆን በትላልቆቹ ዓሦች ገንዳ ውስጥ ለብዙ ሳምንታት ቆይቶ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትንም ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች የሠፈሩበት መሆን አለበት። የቆየ ስፖንጅ ገጽታው ራሱ ለጫጩቱ ጥቃቅን ነፍሳትን ስለሚያበቅል ቀኑን ሙሉ ሲለቅምበት ይታያል። ውኃውን በየቀኑ ከአሥር አንድ እጅ ያህል፣ ጫፉ በጨርቅ በታሰረ ቀጭን የአየር ቱቦ እየሳቡ በተመሳሳይ ሙቀት ባለው ውኃ መተካት በቂ ነው። የሚተካው ውኃ ክሎራሚን የተባለው የክሎሪንና የአሞኒያ ውሁድ ካለበት እንደ ክሎሪን አሳድሮ በማቆየት ብቻ ስለማይጠፋ ማጥፊያ መድኃኒት መጨመር ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለአርቢው ደስታ ብቻ አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. በምያንማር የተገኘችውና በ2007 እ.ኤ.አ. ሳይንሳዊ ስም የተሰጣት፣ ዛሬ ዳኒዮ ማርጋሪታቱስ የምትባለው ባለ ዕንቁ ነጠብጣብ ትንሽ ዓሣ፣ ገና ከመታወቋ ለገንዳ ንግድ በብዛት እየተጠመደች በመውጣቷ ትጠፋለች ተብሎ ብዙ ተሰግቶ ነበር። በኋላ ከመጀመሪያው ሥፍራ ሌላም ቦታ እንደምትኖር ታወቀ፤ በቤት ገንዳ ውስጥም በቀላሉ የምትራባ ሆና ተገኘች። በ1932 እ.ኤ.አ. የተሰየመው ነጭ ደመና ተራራ ዓሣም በተፈጥሮ መኖሪያው ለረጅም ዓመታት ሳይገኝ ቆይቶ ጠፍቷል እስከ መባል ደርሶ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ በዓለም ዙሪያ በገንዳዎች ውስጥ ይራባ ነበር። እነዚህ ሁለት ዓሦች እያንዳንዱ አርቢ የሚሠራው ሥራ ከቤቱ ግድግዳ ውጪ ትርጉም እንዳለው ያሳዩኛል። በሌላ በኩል ከተፈጥሮ ውኃ የሚጠመድ ዓሣ ሁሉ ጥፋት ነው ማለት አይቻልም፤ በብራዚል በሪዮ ኔግሮ ወንዝ ዳር ያሉ ሰዎች ካርዲናል ቴትራን እያጠመዱ በመሸጥ ስለሚተዳደሩ ጫካውን ጠብቀው ለማኖር ምክንያት አላቸው። ስለዚህ እያንዳንዱን ወገን ለየብቻው መዝኖ መፍረድ እንጂ ሁሉንም በአንድ ቃል ማውገዝ አይገባም።

ማራባት ግን የራሱ ኃላፊነት አለው። ከአንድ ማለዳ የሚገኝ ዕንቁላል ግማሹ እንኳ ቢያድግ መቶ የሚጠጋ ዓሣ ይሆናል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፈጥነው ያደጉት የቀጨጩትን ስለሚያጠቁ በመጠን መለያየት፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ገንዳ መዘርጋት ግድ ይላል። ቦታ የሌለው ሰው ዕንቁላሉ ሁሉ እንዲፈለፈል መፍቀድ የለበትም፤ ሃያ ዕንቁላል አስቀርቶ ሃያ ጤነኛ ዓሣ ማሳደግ ሁለት መቶ አስፈልፍሎ በቆሸሸ ውኃ ከመግደል እጅግ ይሻላል። አካላቸው የተጣመመውን ለርቢ ማቆየት፣ ወንድምና እኅትን ትውልድ ከትውልድ እያዳቀሉ መቀጠልም መንጋውን ያዳክማል። ከሁሉም በላይ የተረፈውን ዓሣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ መልቀቅ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም። ብርሃን እንዲሰጡ ዘረ መላቸው የተለወጠ ዜብራ ዳኒዮዎች በብራዚል ከማራቢያ ጣቢያዎች አምልጠው በጅረቶች ውስጥ ሲራቡ መገኘታቸው በ2022 እ.ኤ.አ. ተዘግቧል፤ ትንሽነቷና ገርነቷ የምታዘናጋን ዓሣ በማያውቃት ውኃ ውስጥ ምን እንደምትበላና የማንን ምግብ እንደምትሻማ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የለም። ለተረፈው ዓሣ ተቀባይ ሰው ከዕንቁላሉ በፊት መፈለግ አለበት።

ክቡር አዘጋጅ፣ ጋዜጣው ወደፊት ስለዚህ ጉዳይ በሚያወጣቸው ጽሑፎች የሥራውን ቅደም ተከተል እንዲያስተካክል እለምናለሁ። እስከ ዛሬ ያነበብኋቸው መመሪያዎች ሁሉ ከወንዴና ሴቴ መለየት ጀምረው ስለ ጫጩቱ ምግብ በመጨረሻው አንቀጽ ሁለት መስመር ይጽፋሉ፤ አንባቢውም እዚያ አንቀጽ ላይ ሲደርስ ዕንቁላሉ በገንዳው ውስጥ ነው። መመሪያው በፓራሚሲየሙ ጠርሙስና በሆምጣጤ ትሉ ይጀምር፤ በትላልቆቹ ዓሦች ገንዳ ውስጥ በሚቆየው ስፖንጅ ይቀጥል፤ ወንዴና ሴቴውን ማገናኘት የሚመጣው የጠርሙሱ ውኃ ጠርቶ ነጩ ትቢያ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው ቋሚ አንባቢ